ሕመሙ በራሱ የተዋቸው አባት፦ የአቶ ለይኩን ደምሴ የሕይወት ታሪክ

አቶ ለይኩን ደምሴ ከአባታቸው ከአቶ ደምሴ ወልደ ጊዮርጊስና ከእናታቸው ከወ/ሮ የማርያምወርቅ ሕሩይ በ1948 ዓ.ም. በእንጦጦ ተራራ ሥር ተወለዱ። ፊደል በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ቆጥረው እስከ ስምንተኛ ክፍል ከተማሩ በኋላ የአናጺነት ሙያ ለምደው ላምበረት አጠገብ ለብዙ ዓመታት ሠርተዋል። በ1975 ዓ.ም. ከወ/ሮ የሺሃረግ ጋር ተጋብተው ወንድሜን ማቲዎስንና ይህን የጻፍኩትን እኔን ሰላማዊትን ወልደዋል።

አባታችን ከጎረቤታቸው ከአቶ ዓለሙ ጋር ሆነው የሰፈራችንን ዕድር አቋቁመዋል። ሠርግ ሊቀሩ ይችላሉ፤ ቀብር ግን አይቀሩም። የቀረ ሰው ሲያገኙም ሳይቆጡ አያልፉም ነበር።

ባለፈው ሳምንት ደረታቸውን ክፉኛ አመማቸውና ሆስፒታል አደረስናቸው። ሕክምናው ሳይጀመር ሕመሙ በራሱ ተዋቸው። ሐኪሟ የልብ ምርመራውን ደግማ አይታ፣ የተዘጋው የደም ሥር በራሱ የተከፈተ እንደሚመስል፣ ነገር ግን ሕመም ስለጠፋ ብቻ በደንብ ተከፍቷል እንደማይባል፣ ውስጡ በመሣሪያ መታየት እንዳለበት፣ ተመልሶም ሊዘጋ እንደሚችል አስረዳችን። እኛ የያዝነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ለዘመድ አዝማዱ ድነዋል ብዬ የደወልኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ አቶ ዓለሙ አረፉ። አባታችን እንዳይሰሙ ብንስማማም አንድ ጠያቂ አረዳቸው። «ዓለሙን ሳልቀብር እዚህ አልተኛም» ብለው ተነሡ። ሐኪሟ ለመነቻቸው፤ እምቢ አሉ። ማቲዎስም በራሳችን ኃላፊነት እንደወሰድናቸው ፈረመ። ድንኳን ውስጥ ያየናቸው ሁሉ «እንኳን ማረዎት» እያልን ሳምናቸው እንጂ ወደ ሐኪም ይመለሱ ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

ከቀብር መልስ ላብ አጠመቃቸው። በመኪና ይዘናቸው ስንሮጥ እጄን ይዘው፣ «ሕመሙ ጠዋት ከሆስፒታል ሳልወጣ ተመልሶብኝ ነበር፤ እንዳታስቀሩኝ ብዬ ደበቅኋችሁ። ይህንን በቀብሬ አንብቢው፤ ልጄን ማንም እንዳይወቅሰው» አሉኝ። ሳንደርስ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው አረፉ።

ማቲዎስ ስሙ ከልጆቻቸው ጋር እንዳይጠራ ለምኖኝ ነበር። የእኔ ስም ከተጠራ የእርሱም ይጠራል፤ ጥፋቱ የሁላችን ነው።

አባታችን ባለቤታቸውን ወ/ሮ የሺሃረግን፣ የበኩር ልጃቸውን ማቲዎስ ለይኩንን፣ ሴት ልጃቸውን ሰላማዊት ለይኩንንና ሦስት የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል። አምላካችን ነፍሳቸውን በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን፤ ዛሬ ከቤተ ሰቡ ተለይቶ ዳር የቆመውን ወንድሜንም ወደ መካከላችን ይመልስልን። አሜን።