«ዊ» ላለችው እናቴ እግር

ለተከበሩ የከተማችን ሆስፒታል ዋና ዳይሬክተር፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይ ለሁለቱም እግሮችዎ። እኔ ቡጀማ፣ ከቆንስጥንጢና ወጣ ብላ ባለችው በዚህች ከተማችን ሠላሳ አንድ ዓመት ፈረንሳይኛ ያስተማርኩ ጡረተኛ ነኝ። የቀኝ እግሯን እናንተ ዘንድ ትታ የወጣችው ላላ ወሪዳ እናቴ ናት። ምስጋናዬ እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ወጣቱ ሐኪማችሁ ስኳር ያቆሰለውን እግሯን አይተው፣ «ሁለት ሳምንት በመድኃኒት እንሞክር ወይስ ይቆረጥ?» ብለው በጠራ ፈረንሳይኛ ስላማከሯት አመሰግናለሁ። እናቴ ከዚያ ቋንቋ የምታውቀው አንድ ቃል ነውና «ዊ» አለች፤ አዎ ማለቷ ነው። «ይቆረጥ?» ብለው ደገሙላት። «ዊ፣ ዊ» አለች ፈገግ ብላ። ከዚያ አውራ ጣቷን ቀለም አስነክተው የፈቃድ ወረቀቱ ላይ አሳረፉላት።

2ኛ. እኚሁ ሐኪም የሰፈራችን ልጅ ናቸው። አያታቸው በእናቴ ደጃፍ ላይ ቂጣ እየሸጠች ነው ያሳደገቻቸው። ኳስ ሜዳ ዳኛውን የሚሰድቡት በእናቴ ቋንቋ ነው፣ ያውም አሳምረው! ነጩን ጋውን ሲለብሱ ብቻ ለምን እንደሚጠፋባቸው አልጠይቅም። ይገዙን የነበሩት ፈረንሳዮች ሻንጣቸውን ይዘው ከሄዱ ስድሳ ዓመት አልፏል፤ ጋውኑን ግን ትተውልናል።

3ኛ. ይኼኛው ለእርስዎ የተዘጋጀ ነበር፤ ሳየው ግን የኔ ነው። «ዊ»ን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ባልደረቦቼ ቤት ሲመጡ በገጠር አነጋገሯ አፍር ነበርና፣ «እማ፣ በፈረንሳይኛ ካናገሩሽ ዝም ብለሽ ዊ በይ፤ በናትሽ አታዋርጂኝ» አልኳት። አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አላዋረደችኝም። ያን ዕለትስ የት ነበርኩ? ኮሪደሩ ላይ ቅጽ እሞላ ነበር። ጸሐፊዋ «ሸኽ፣ ፈረንሳይኛዎ እንዴት ያምራል!» ስትለኝ ደስ ብሎኝ፣ አሳምሬ ልጨርስ ብዬ ቆየሁ። እሷ ያለችበት የሐኪሙ በር ከእኔ ሁለት እርምጃ አይሞላም ነበር። «አላህ ይይላችሁ» ልል ተነሳሁና፣ መጀመሪያ የሚያየው እኔን ሆነብኝ።

አሁን የግራ እግሯም መቁሰል ጀምሯል፤ ሰኞ ቀጠሮ አላት። ክቡርነትዎን የምለምነው፣ ቢላው ከመነሳቱ በፊት አፏን በፈታችበት ቋንቋ እንድትጠየቅ ብቻ ነው። እኔም በዚያን ቀን ኮሪደር ላይ አልገኝም።

በቀረችው አንድ እግሯ ስም እጅ እየነሳሁ፣
የላላ ወሪዳ ልጅና የሐኪምዎ የሥራ ተባባሪ፣
ቡጀማ

ማስታወሻ፦ የመጀመሪያውን አቤቱታ በመጽሐፍ ዐረብኛ ባቀርብ ቢሮዎ «በፈረንሳይኛ ይጻፍ» ብሎ መለሰው። ጻፍኩ፤ አንድም ስህተት አልተገኘበትም። ይህን በእሷው የገጠር ዐረብኛ የጻፍኩት ግን፣ ያንን ፈረንሳይኛውን ከማስገባቴ በፊት አልጋዋ አጠገብ ተቀምጬ ስላነበብኩላት ነው። እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ፤ እጄን ዳበስ አደረገችና «ዊ» አለችኝ።