በጨው ውሃ የተቀቀለ ፋሻ

አንኮበር፣ ታኅሣሥ 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለወታደር ደምመላሽ፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ከብርዱ በቀር ደህና ነን፤ ገብሱም ታጭዷል።

የላክሁልህን ፋሻ አቅጥኜ የፈተልሁት ራሴ ነኝ። እናናየሁ፣ «አክስቴ፣ ይሄማ የሙሽራ ነጠላ ይወጣዋል» ብላ ሳቀችብኝ። በጨው ውሃ ቀቅዬዋለሁ። ቁስል ካለ ማር ቀብታችሁ እሰሩበት፤ ማር ቁስሉ እንዳይመረቅዝ ያደርጋል የሚል ከጤና መጽሔት አንብቤያለሁ። መጥረቢያ የቆረጠውን የአባትህን እግር ባልታጠበ መቀነቴ ያሰርሁ ጊዜ ማንበብ አልችልም ነበር። በሳምንቱ ቀበርነው።

ደህና ነኝ ያልህበት ደብዳቤ ደርሶኛል። ጽሕፈቱ ያምራል። እኔ ፊደል የለየሁት ከአንተ ደብተር ነው፤ የአንተ ፊደል ወደ ግራ ይጋደማል። ለጻፈልህ ጓደኛህ ከፋሻው አካፍለው። በሚቀጥለው ግን፣ በየትኛውም እጅህ ይሁን፣ ስምህን ብቻ ራስህ ጻፍልኝ።

ዓይንህን ለማየት ያብቃኝ።

እናትህ በሰለች