ስኳሩን አትፈልጊው

ሙሽራዬ፣

አውቶቡሱ ሊያመልጠኝ ስለሆነ በጥድፊያ ነው የምሞነጫጭረው። በአቼቶ የሚዘፈዘፈውን የእማዬን ጣፋጭ ኪያር እንደገና ጀምሬዋለሁ።

ኪያሩን በስሱ ቆርጬ፣ ጨው ነስንሼ ምድጃው አጠገብ ትቼዋለሁ። ሽንኩርቱም ተልጧል። አቼቶውን አፍልተሽ አቀዝቅዢው። የትናንቱን ኪያር ደፍቼዋለሁ፤ ውሃ ውሃ ይል ነበር።

"ጨው ነስንሰሽ አላስለቀስሽውማ! እማዬ እኮ ሁልጊዜ 'ተዪው ያልቅስ፤ ካላለቀሰ አይጣፍጥም' ትለኝ ነበር" ትናንት ስትዪኝ ዝም ያልኩት ተቀይሜ አይደለም።

ተቀይሜ ነው።

እናቴ ታማ ሳለች፣ ወጥ ቤት ተቀምጣ "ተዪው ያልቅስ" ስትልሽ ከኮሪደሩ ሰምቻታለሁ። ባልሽ ስለሆነው ወንድሜ የምታወራ ነበር የመሰለኝ። በቀብሯ ዕለት ሰው ሁሉ "በቃህ" ሲለው "ተዉት ያልቅስ፤ የእማዬ ቃል ነው" ብዬ የተሟገትኩት ለዚያ ነው። እንደ ኑዛዜ ይዤው ስኖር፣ ለካ ስለ ኪያር ኖሯል! ከሆዷ የወጣሁት እኔ ከኮሪደር ሰማሁ፤ አንቺ አጠገቧ ቆመሽ ተማርሽ።

ለማንኛውም፣ ኪያሩ ውሃውን ሲተፋ በንጹሕ ጨርቅ ጭመቂው። ከዚያ በኋላ ግን እጅሽን ሰብስቢ። እማዬ ስንት ማንኪያ ስኳር ታደርግ እንደነበር ማታ ትነግሪኛለሽ፤ የምጨምረው እኔ ነኝ።

ስኳሩን አትፈልጊው፤ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው ሄጃለሁ። ለዛሬ ሻይሽን መራራውን ጠጪ።