የሰጋቱራ ከሰል ለየካ አባዶ

ውድ ጋዲሴ፣

እንዴት ነሽልኝ እቴ? ወገብሽስ ተሻለው? እኛ ደህና ነን፤ ፈረንሳይ ሰፈርም ያው እንደተውሽው ዳገት ነው። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትይኝ ይሆናል። በስልክ ስትስቂብኝ የምለው ስለሚጠፋኝ ነው።

የቤት ዕቃ ፋብሪካው የሚጥለውን ሰጋቱራ ከሰል አደርገዋለሁ ስልሽ የሳቅሽውን አልረሳሁትም። «እታገኝ፣ አቧራ አንድደሽ ልትቀቅዪ ነው?» አልሽኝ። እውነትሽን ነበር፤ የመጀመሪያው ጭሱ ሰፈሩን በሙሉ አስነጠሰው።

ከዚያ ሰጋቱራውን በርሜል ውስጥ አፍኜ ማክሰል ተማርኩ። የሚያጣብቀው ነገር ሳጣ፣ ከስኳር ፋብሪካ በሚተርፈው ጣፋጭ ሞላሰስ ለወስኩትና አድቦልቡዬ ደጅ አሰጣሁት። የጎረቤታችን የጋሽ አካሉ የበዓል ሙክት ገመዱን በጥሶ መጥቶ ልሶ ልሶ ጨረሰልኝ! ጋሽ አካሉ የበጉ አፍ ጠቁሮ ቢያይ በሽታ መስሎት ሐኪም ሊጠራ ሲሮጥ፣ እኔ በሳቅ ሞትኩ። ሲሄድ ግን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ይሄም ካልሆነ ተመልሼ ከእንጦጦ እንጨት ልሸከም ነው፤ አንቺ በወደቅሽበት ቁልቁለት፣ ያውም ለብቻዬ።

እንባዬን ስጠርግ ምድጃሽ ሲሰነጠቅ የምትለስኚበት ቀይ የሸክላ አፈር ትዝ አለኝ። ሞላሰሱን ትቼ ከሰሉን በእሱ አቦካሁት። አሁን በግ አይልሰውም፣ አይጨስም፣ አንዱ ድቡልቡል ሽሮ አብስሎ ይተርፋል። ጎረቤቱ ሁሉ ከእኔ ነው የሚገዛው። ጋሽ አካሉማ «በጌ ቀምሶ የመሰከረለት ከሰል ነው» እያለ ያሻሽጥልኛል።

ባለፈው እሁድ እንጦጦ ወጣሁ፤ ባዶ እጄን። ፓርኩ ጋ ቁጭ ብዬ ከተማውን ቁልቁል አየሁት። ለካ እንደዚህ ያምራል! ያን ሁሉ ዓመት ከሸክሙ ሥር አጎንብሰን የምናየው እግራችንን ብቻ ነበር። አጠገቤ ብትኖሪ ብዬ ተመኘሁ።

ይሄን ማዳበሪያ ሙሉ ከሰል ልጅሽ ማዕዶት ታደርስልሻለች። መብራት ሲጠፋ በረንዳ ላይ አቀጣጥዪው፤ የየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶችሽ አይቆጡሽም። ካልጨሰ ያንን የሳቅሽብኝን ሳቅ መልሰሽ ትወስጂያለሽ። ሥራው ደግሞ ለወገብሽ አይከብድም፤ ቁጭ ብሎ ማድቦልቦል ነው። በርጩማሽን ከእኔ ጎን አድርጌዋለሁ።

ማዳበሪያው የታሰረበትን ገመድ ሳታውቂው አትቀሪም። የእንጨት መሸከሚያሽ ነው፤ ጥለሽው ስትሄጂ አስቀምጬልሽ ነበር። ከእንግዲህ የማንም ጀርባ ላይ አይወጣም። በሰው እንዳትልኪው፤ ራስሽ ይዘሽልኝ ነይ።

የሸክም ጓደኛሽ
እታገኝ