በጉሙ ወራት ነይ

ለምወድሽ ታናሽ እህቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይስ አሁንም ደረጃ በወጣሽ ቁጥር ወይኔ ትያለሽ? ባልሽስ፣ ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን። የኔ ሰውዬ እንደ ልማዱ የጀልባ ሞተር ፈታትቶ ደጄ ላይ ይዘረግፋል፤ እኔም እንደ ልማዴ እጮህበታለሁ። ፊደሌ እንዲህ መግዘፉ፣ መስመሩም መንጋደዱ አይግረምሽ፤ የዛሬ ብዕር ምን ብዕር ነው ብለሽ እለፊው።

ደግሞ ያንኑ ጥያቄሽን ጠየቅሽኝ፤ እዚህ ባሕሩ ዳር ለመምጣት የሚሻለው ወቅት የትኛው ነው አልሽኝ። አግብቼ እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ትጠይቂኛለሽ፣ እኔም እንደ አዋቂ እመልስልሻለሁ። በሙቀቱ ወራት አትምጪ አልኩሽ፣ ሰው እንደ ጉንዳን ይፈላል። በነፋሱ ወራት አትምጪ አልኩሽ፣ አሸዋው ድስት ውስጥ ገብቶ ጥርስ ስር ይንኮሻኮሻል። በዝናቡ መንገዱ ይቆረጣል አልኩሽ። አንቺም ታዛዥ ነሽ፣ እሺ እትዬ ትያለሽ። ምነው አንድ ቀን እንኳ እምቢ ብትዪኝ ኖሮ!

የሙቀቱን ነገር ግን በደንብ ልንገርሽ። እዚህ ከተማ እንግዳ ሲመጣ ሁሉም ቤት መኝታ ክፍሉን ያከራያል፤ ባለቤቶቹ ወጥ ቤት ፍራሽ ዘርግተን እንተኛለን። የባንኩ ሹም ሳይቀር ከነሚስቱ ምድጃ ስር ነው የሚያድረው፣ ማንም አያፍርበትም። እኔ ግን በስንት ናፍቆት የምትመጪውን እህቴን ከሽንኩርት ከረጢት አጠገብ ላስተኛት? ሞቼ ነው! እንዲህ እያልኩ አልጋው ባዶ፣ ባሕሩ ጸጥ፣ ሰማዩም ጥርት የሚልበትን ወቅት ስፈልግልሽ፣ ዛሬ ነገ ስል፣ ሁለታችንም አረጀን። አሁን ሳስበው አንጀቴ ያርራል። ድሮስ በአንድ አልጋ አንቺ በራስጌ እኔ በግርጌ ሆነን አይደል ያደግነው? ያ ተረከዝሽ አፍንጫዬ ላይ እያረፈ! ወጥ ቤት ብንተኛ ምን እንሆን ነበር? እየሳቅን ይነጋልን ነበር እንጂ።

ባለፈው የሆንኩትን ልንገርሽና ሳቂ። የወቅቱን የመጨረሻ እንግዶች ልቀበል አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ከጎረቤቶቼ ጋር ቆሜያለሁ። አንዲት ሴት ወረደች። ቁመቷ ያንቺ፣ ኮቷም እንዳንቺው ቡናማ፣ ቦርሳዋን እንዳንቺ ደረቷ ላይ ታቅፋለች። ሳትነግረኝ መጣችልኝ ብዬ እልል እያልኩ ሮጥኩ! አንገቷ ላይ ተጠመጠምኩ፤ በስምሽ እየጠራኋት፣ ጉንጯን እያገላበጥኩ እየሳምኩ፣ ምነው ከሳሽብኝ እያልኩ አለቀስኩ። እሷ ፍንክች ሳትል ቆየችልኝና፣ ቀስ ብላ፣ እናቴ፣ እኔ እኮ እሷ አይደለሁም አለችኝ። ለካ ልጅ እግር ናት፣ ከልጄ የማትበልጥ። ጎረቤቶቼ በሳቅ ፍርስ አሉ፤ እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ? የኔ ሰውዬ ግን አልሳቀም። ክንዴን ይዞ ወደ ቤት ወሰደኝ። ከዚያም ማንም ሳይጠይቀው መርፌዎቼን ሁሉ ክር እያስገባባቸው፣ በነዚያ ዘይት በጠጡ ጣቶቹ፣ መጋረጃው ላይ ደረደረልኝ።

በማግስቱ ጎትቶ ሐኪም ቤት አደረሰኝ። ሐኪሙ እስከ ዛሬ የት ነበርሽ ብሎ ተቆጣኝ። ማየት የምትፈልጊው ነገር ካለ ለከርሞ አታቆዪው አለኝ። የቀረውን ስትመጪ እነግርሻለሁ።

ስለዚህ ጥያቄሽን አሁን በትክክል ልመልስልሽ፤ አሁኑኑ ነይ፣ በጉሙ ወራት። አውቃለሁ፣ ከወቅቶች ሁሉ የከፋው ነው። ባሕሩ አይታይም፣ ጀልባ ከወደብ አይወጣም፣ ሰው ግድግዳ እየዳበሰ ነው ሱቅ የሚሄደው። ዳቦ ጋጋሪው አንድ ቀን የራሱን በር አጥቶ የኛን ሲደበድብ ነበር፤ እጁን ይዤ ቤቱ ያደረስኩት እኔ ነኝ። ከሁሉም ቀልጠፍ ብዬ እሄዳለሁ፣ ለምዶብኛላ። አንቺ ባሕሩን ባታዪውም ድምፁን ትሰሚያለሽ። እኔ መስኮቱ አጠገብ አስቀምጬሽ ፊትሽን እስክጠግብ ልየው እንጂ ባሕሩ የትም አይሄድም።

ያንን ቡናማ ኮት እባክሽ ተዪው፣ ደማቅ ነገር ልበሺ። ከአውቶቡሱ ስትወርጂም ላስደንቃት ብለሽ ዝም ብለሽ እንዳትቆሚ። እንዲያው በሞቴ፣ ገና ከደረጃው ላይ ሳለሽ እትዬ ብለሽ ጮክ ብለሽ ጥሪኝ።

መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽን ይጠብቅልሽ። ለዓይነ ሥጋ ያብቃን እያልኩ በየደብዳቤው ስጽፍልሽ የኖርኩት ለወጉ ያህል ነበር። ዛሬ ግን ቃሉን አንድ በአንድ እየለመንኩ ነው የጻፍኩት፤ ለዓይነ ሥጋ ያብቃን።

አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ድምፅሽን የምትጠብቅ፣
ታላቅ እህትሽ