በኮባ የተጠቀለለው ቅጠል

ሰኞ፣ ማርች 14፣ 2005
በረዶው አልቀለጠም። ቱነልባናው፣ የምድር ባቡሩ፣ ከሃግሴትራ ስለሚነሳ ወንበር አገኘሁ። መጨረሻ ጣቢያ የመኖር ጥቅሙ ይቺ ብቻ ናት።

ሥራ እንደ ሁልጊዜው። ቅጠሉን ማርጠብ፣ የመሃሉን ጅማት መሳብ፣ በቀለም መለየት። ድሮ ስድስት ነበርን፤ አሁን አሠሪዬ ጉናርና እኔ ብቻ ቀርተናል። እሳቸው ሲጋሩን ይጠቀልላሉ፣ እኔ ቅጠሉን እለያለሁ። (በስዊድንኛ አሠሪንም "አንተ" ነው የሚሉት። እኔም እላለሁ። ደብተሬ ላይ ግን የሰባ ሦስት ዓመት ሽማግሌ አንተ ለማለት እጄ እምቢ ይላል።)

በፊካ፣ በቡና ዕረፍታችን፣ ወረቀት አሳዩኝ። የአባባ ትምባሆ ጅቡቲ ላይ መርከብ ተጭኗል። አስር ጆንያ፣ ከአስር ቤት። አምና ደርቆ ነበር የደረሰው፤ ጉናር እጅ ላይ እንደ ብስኩት ሲሰባበር አይቻለሁ። "ዘንድሮም ከተሰባበረ በቃኝ" ብለውኛል።

ልጅ ሳለሁ መንደራችን ጨፌ ውስጥ የሲጋር ቅጠል የማይተክል ቤት አልነበረም። ዛሬ ሌላው ሁሉ ጫትና ባሕር ዛፍ ሆኗል። አስሩ ቤት የቀረው እኔ "ገዢ አግኝቼላችኋለሁ" ስላልኩ ነው።

ሐሙስ፣ ማርች 17
ልጄ ቲና ኮቴን ከሷ ጃኬት አጠገብ እንዳልሰቅል ከለከለችኝ። ይሸታል አለች። ትምህርት ቤት ስለ ሳንባ ፊልም አሳይተዋቸዋል። በስዊድንኛ፣ "እማ፣ አያቴ ሰው የሚገድል ነገር ነው የሚተክለው?" አለችኝ። በአማርኛ፣ "አያትሽ እኔን ያሳደጉኝ በሱ ነው" አልኳት። ጃኬቷን ይዛ ክፍሏ ገባች።

አስራ አራት ዓመቷ ነው። ለሁሉም መልስ ትፈልጋለች። ከየት አምጥቼ?

ቅዳሜ፣ ማርች 26
አባባን በስልክ አገኘኋቸው። ቀጠሮ አስይዤ፣ ወረዳው ቴሌ ድረስ ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዘው። ድምፃቸው ሞቅ ብሏል።
"እንዳልሽኝ አደረግን። ዘንድሮ አይደርቅም።"
"እንዴት አድርጋችሁ?"
"በኮባ ነዋ! እርጥቡን ቆርጠን፣ እንደ ቅቤ ድርብ አድርገን ጠቀለልነው። ጆንያው ከላይ ነው።"
"ደግ አደረጉ አባባ!" አልኳቸው። ደግ!

ከዘጋሁ በኋላ ነው የገባኝ። ሳህን እያጠብኩ። እርጥብ ኮባ፣ የታሸገ የብረት ሳጥን፣ የቀይ ባሕር ሙቀት፣ አምስት ሳምንት... ቅቤ እኮ በኮባ የሚሄደው ገበያ ድረስ ነው። በዚያው ቀን ይፈታል።

አይድረቅ ያልኳቸው እኔ ነኝ። "ዘንድሮ ከደረቀ አለቀልን" ብዬ አስፈራራኋቸው። ሃምሳ ዓመት ትምባሆ ሲያደርቁ የኖሩ ሰው፣ ልጃቸው ከስዊድን ስትናገር የራሳቸውን እውቀት ትተው የኔን ሰሙ። እኔ ምን አውቃለሁ? የማውቀው የደረሰውን መለየት ነው።

ማክሰኞ፣ ማርች 29
ለጉናር አልነገርኩም። ምናልባት ደህና ይሆናል። ምናልባት።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 12
መርከቡ ዮተቦሪ ወደብ ገብቷል። መኪናው ሐሙስ ይደርሳል። ጉናር እያፏጩ መደርደሪያውን ጠረጉ። ምሳዬን ሳልከፍት መለስኩት። "ምነው?" ሲሉኝ በጾሙ አመካኘሁ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 14
ጉናር ጥርሳቸውን ሊታዩ ሄደው ነበር። ብቻዬን ፈታሁት።

የመጀመሪያውን ጆንያ ስቀድ ሽታው ፊቴን መታኝ። ኮባው ጠቁሯል። ቅጠሉ ላይ ነጭ፣ ከነጩ ሥር ሰማያዊ ሻጋታ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም... ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነው የቀረውን የፈታሁት።

ዘጠኙ ሻግቷል። ንጹሕ የሆነው የመንደራችን የእትዬ ፋናዬ ብቻ ነው። ባላቸው ሲሞቱ መሬታቸው ተሸንሽኖ፣ ጓሯቸው ውስጥ አንድ እንሰት አልቀረላቸውም። ኮባ ከየት ያምጡ? በደረቅ ጆንያ ነው የላኩት። ማጣታቸው ጠቀማቸው።

ከዚያ ምን አደረግሁ? ዘጠኙን ወደ ጓዳ ገፍቼ ሸራ አለበስኩት። የእትዬ ፋናዬን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ጉናር ጉንጫቸው አብጦ መጡ። ቅጠሉን በጣታቸው ሳብ አደረጉት፣ አሸተቱት። "እስከ ዛሬ ካየሁት ሁሉ ይበልጣል" ብለው አቀፉኝ። አፍ አልነበረኝም?

ዓርብ፣ ኤፕሪል 15
ማለዳ ቀድሜያቸው ገባሁ። አንድ ጆንያ ስለማይበቃ ከሻገተው አርባ ቅጠል በብሩሽ ጠረግሁ፣ በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ። ከእትዬ ፋናዬ ቅጠል ጋር ቀላቀልኩት። ማንም አይለየውም። እኔው ራሴ መለየት አቃተኝ።

ሰው አፍ ውስጥ የሚገባ ነገር... እግዚኦ። ሌላውን ሳልጠርግ ተውኩት።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 19
እንዴት ረሳሁት! ከአዲስ ምርት የመጀመሪያዋን ሲጋር የሚያጨሱት ጉናር ራሳቸው ናቸው። የሥራ ልማዳቸው ነው። ዛሬ ጠቀለሉ፣ በሩ ላይ ቆመው ለኮሱ። ዓይኔን ከአፋቸው መንቀል አልቻልኩም። ሳሉ። ድሮም ይስላሉ... ግን ሁለቴ ሳሉ። "ጥሩ ነው፣ ትንሽ መረር ይላል" አሉ።

ትንሽ መረር ይላል?

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 20
ጉናር አልመጡም። ደወልኩ፤ አይነሳም። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።

ቲናን "ሻጋታ በጭስ ሰው ያሳምማል ወይ፣ ኢንተርኔት ላይ እይልኝ" አልኳት። "ለምን?" አለች። "ለምንም።" ሳንባን ያሳምማል ይላል አለችኝና ትክ ብላ አየችኝ።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 21
ዛሬም የሉም። ቤታቸው ልሂድ? ሞተው ባገኛቸውስ? ፖሊስ ቢጠይቀኝ ምን እላለሁ? ቲና ማን ጋ ትቀራለች? አባባስ ልጃቸው ሰው ገደለች ሲባሉ...

አርባዋን ቅጠል ለቅሜ ልጥል ጠረጴዛው ላይ ያለውን ሁሉ አገላበጥኩት። የትኛው የቱ ነው? አንድ በአንድ ወደ መስኮት አንስቼ አየሁ። ሁሉም አንድ ነው። ሁሉም ያማረ። የመድኃኔ ዓለም ያለህ፣ ሰውየውን ብቻ አትርፍልኝ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 22
መጡ!

ጥርስ አስነቅለው ነው። መንጋጋቸው አብጦ አፋቸውን መክፈት አልቻሉም፤ ስልኩን ያላነሱት ለዚህ ነው። ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ልቅሶዬ። ዝም ብል አልፎልኝ ነበር። ማንም አያውቅም። ግን እንደ ሁለቱ ቀን ያለ ሌላ ቀን መቻል አልቻልኩም። ሸራውን ገፈፍኩት።
"ዘጠኙ ሻግቷል። አርባ ቅጠል ጠርጌ ከደህናው ጋር ቀላቅያለሁ።"

አልጮሁም። ዘጠኙንም ፈተው አዩ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውንም፣ የእትዬ ፋናዬን ጭምር፣ ለቆሻሻ በከረጢት ከተቱት። "ደህናውም እኮ አለበት" አልኩ። "የቱ?" አሉኝ።

ከረጢቱን ቋጥረው ነው የነገሩኝ። ከጁን ጀምሮ ሬስቶራንት ውስጥ ማጨስ ሊከለከል ነው፤ ደንበኞቻቸው ደግሞ በብዛት ሬስቶራንቶች ናቸው። በዚህ ምርት አንድ ዓመት እገፋለሁ ብለው ነበር። አሁን ይዘጋሉ።
"አንቺ አገር ያሉት ያውቃሉ?"
"አያውቁም።"
"ሳይዘሩ ንገሪያቸው።"

ሰኞ፣ ሜይ 2
ትናንት ፋሲካ ነበር። ለአባባ በስልክ እንኳን አደረስዎ ብዬ ጀመርኩ... ሻግቷል አልኳቸው። ደህና የደረሰው የእትዬ ፋናዬ ብቻ ነው አልኩ። ምን እንዳደረግሁት ግን ዋጥኩት። መዘጋቱንም ዋጥኩት።
"ኮባው ነው" አሉ አባባ።
"እኔ ነኝ እኮ ያስፈራራሁዎት..."
"ተይው ሸዋዬ። ሐሳቡ የኔ ነበር እላቸዋለሁ። አገር ምድሩ አንቺን ሲረግም መስማት አልፈልግም።"
እሺ አልኩ። ሸዋሉል ገመዳ፣ አርባ ሁለት ዓመቷ፣ አባቷ ሥር ተደበቀች።

ሐሙስ፣ ሜይ 12
የአባባ ጎረቤት ቶሎሳ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ሰላምታ ነሥተዋቸዋል። "በስተርጅና አሞኘኸን" ብለዋቸዋል፣ ሰው ፊት። አባባ እንደ ቀልድ ነው የነገሩኝ። ድምፃቸው ግን አልቀለደም።

የችግኝ መደቡ ተዘጋጅቷል። እሁድ ማግስት ዘር ሊበትኑ ነው። "ገዢው ለከርሞ ይታረቁን ይሆናል" ይላሉ።
"አባባ፣ እሁድ ሁሉንም ይዘው ይምጡ" አልኳቸው።
"ምን ልትያቸው?"
"ይዘው ይምጡ ብቻ።"


እሁድ፣ ሜይ 15
ስድስት ሆነው ቴሌ መጡ። ቲና ሳልጠራት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ቶሎሳን አቅርቡልኝ አልኩ።
"አቶ ቶሎሳ፣ ጥፋቱ የአባቴ አይደለም። ከደረቀ አለቀልን ብዬ ያስጨነቅኋቸው እኔ ነኝ። ሲሻግትም ከገዢው ደብቄያለሁ። አሁን የሲጋር ቤቱ ይዘጋል። ሌላ ገዢ አላውቅም።"
"አባትሽ እኮ..." ብለው ሳይጨርሱት ቀሩ። ከስልኩ ራቅ ብለው "ገመዳ፣ እስቲ ወዲህ ና" ሲሉ ሰማሁ። የተባባሉት አልተሰማኝም።

ቀጥሎ እትዬ ፋናዬ ያዙት።
"ሸዋዬ፣ የኔው ደህና ገባ አሉ። ቀለሙ አማረላቸው?"
"በጣም። ካየሁት ሁሉ ይበልጣል ነው ያሉት።"
"እሰይ! እንግዲያው እኔ ልዝራ?"

ለካ ከማርች ጀምሮ ስሸሽ የከረምኩት ይቺን ጥያቄ ነው።
"አይዝሩ እትዬ። የርስዎን ያበላሸሁት እኔው ነኝ። ከሻገተው ቀላቅዬበት አብሮ ተጣለ። ዘንድሮም ገዢ የለም፣ ከርሞም አይኖርም። አይዝሩ።"

ቲና እጄን ያዘች።
"ዛሬ ማለዳ ዘሩን ከአመድ ጋር ቀላቅዬ ነበር የመጣሁት፣ ነገ ለመበተን" አሉ። "አዬ... ቅጠሌን ጣልሽው?"
"ጣልኩት።"
"ቀለሙ አምሮ ነበር ግን።"
"አምሮ ነበር እትዬ።"
"መደቡን ድንች አደርገዋለሁ። ሳልበትነው ነገርሽኝ። እግዜር ይስጥሽ ልጄ።"

ዘጋሁ። አለቀስኩ። ፈርቼ ግን አይደለም።