ከ«ተፈጸመ» በኋላ

ማክሰኞ፣ ጥር 20 ቀን 61፣ ንፋስ መውጫ

ዛሬም አራተኛ ክፍል። ማካፈል አስተማርኩ። ግማሹ ክፍል ይስላል፣ ብርዱ ነው። በግራዬ የተቀመጡት ሲመልሱ አንገቴን ማዞር አለብኝ። ግራ ጆሮዬ ከኅዳር ወዲህ ከመጮህ በቀር ሥራ የለውም። የደረሰ ጥፊ ነው። ባሌ ነው ደረሰ፤ ደብተሬ ሆነህ ይኼን ታውቃለህ፣ አንዳንዴ ግን ጽፌ ካላየሁት እውነት አይመስለኝም።

እናቴ ቤት ከገባሁ ሁለት ወር አለፈ። እሱ አርብ ገበያ ከተማ ነው፣ ጸሐፊነት ሥራው ላይ። ዛሬ መልእክት ልኳል፦ ዐቢይ ጾም ሳይያዝ ሽማግሌ ይዞ ይመጣል። እናቴ ይኼን ከሰማች ጀምሮ ፊቷ በርቷል። ጌሾ እያስወቀጠች ነው። እኔን የጠየቀኝ የለም።

ዓርብ፣ ጥር 23

ሲኒማ መጣ! ላንድሮቨር፣ ሞተር፣ ነጭ ሸራ። እሑድ ከቀትር በኋላ በት/ቤቱ አዳራሽ ይታያል፣ መስኮቱ በብርድ ልብስ ይሸፈናል። ፊልሙ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ዳይሬክተሩ ቆመሽ ትተረጉሚያለሽ አለኝ። ደስ አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ደስታዬ ሰዓት አልቆየም። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው ኦፕሬተር ታሪኩን ሲያጫውተኝ አወቅሁት። ጎንደር ለመምህርነት ኮርስ ሳለሁ ከደረሰ ጋር ያየሁት ነው፣ ገና ሳንጋባ። አስቂኝ የፍቅር ፊልም። ትዕቢተኛ ባለሆቴል ሴት ጸሐፊውን ያዋርዳታል። ትታው ትሄዳለች። ባቡር ጣቢያ ድረስ ተከትሎ፣ ዝናብ እየወረደበት ይንበረከክላታል። ልቡ ተለውጧል። ተፈጸመ። ስንወጣ ደረሰ እጄን ይዞ፣ ሰው በፍቅር እንዲህ ይለወጣል አለኝ። አመንኩት። ሃያ ዓመቴ ነበር፣ ምን ላድርግ።

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ከእናቴ ጋር ተጣላን። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም አለች። ሌላ ጉልቻ ማን ፈለገ? ምድጃው ይቅርብኝ ነው ያልኩት።

ደረሰ ሁለት ጊዜ ድንጋይ ተሸክሞልኛል። በአገራችን ደንብ የበደለ ሰው ድንጋይ ማጅራቱ ላይ አድርጎ፣ ጎንበስ ብሎ፣ በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ይለምናል። ዋስም ይጠራል። ዋሱ አጎቱ ግራዝማች አበጀ ናቸው፣ ሁለቱንም ጊዜ። በመጀመሪያው ጊዜ ሳየው አብሬው አለቀስኩ። አራት ወር ደግ ሰው ሆነ፣ ውኃ ሳይቀር ቀድቶ ሰጠኝ። ከዚያ ያው። በሁለተኛው ሦስት ወርም አልሞላ። እናቴ ሦስተኛው ይጸናል ትላለች፣ ሥላሴም ሦስት ናቸው።

እሑድ፣ ጥር 25፣ ከቀኑ 12 ሰዓት

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ነጋዴው፣ ገበሬው፣ ቄሱ ሁሉ። ፊልሙ አራት ጥቅል ነው፣ ኦፕሬተሩ አንዱን ሲጨርስ አውጥቶ ሌላውን ያስገባል። ሁለቱ በደንብ አለፉ፣ ሕዝቡ ሳቀ፣ እኔም ድምፄ ተከፈተ። ሦስተኛው ሲጀምር ባቡር ጣቢያ። ዝናብ። ሰውዬው ተንበረከከ። ክው አልኩ፤ ኦፕሬተሩ መጨረሻውን አስቀድሞ አስገብቶታል! ሸራው ላይ የማብቂያው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ወጣ፣ «ተፈጸመ» ብዬ ተረጎምኩ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሰው ተነሥቶ ጋቢውን ሲያስተካክል ኦፕሬተሩ፣ «ተቀመጡ፣ አንድ ጥቅል ይቀራል» ብሎ ጮኸ።

ተቀመጡ። ያ ሰውዬ፣ አሁን በዝናብ ያለቀሰው፣ ሳቅ እያለ ጸሐፊቱ የጻፈችውን ወረቀት በእንግዶች ፊት ቀዶ ጣለባት። ደደብ አላት። ስህተት ነው፣ ይኼ የፊተኛው ነው ማለት ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ግን ፊታቸውን አየሁ። አንድም ሰው አልገረመውም! ከታረቁ በኋላ ወደ ዓመሉ የተመለሰ መስሏቸዋል። ጎረቤታችን ወ/ሮ ይመኙሻል ከፊት ተቀምጠው «ድሮስ! ዓመል ያወጣል ከመሐል» አሉ። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ዋስ ሳያስጠሩ ነው እንዴ ያስታረቋት ብለው ተቆጡ። ከጎናቸው ያለው ምን ዋስ ቢጠራ አለ። ክርክር ሆነ።

ስህተቱን ሳልናገር ተረጎምኩ። እስከ መጨረሻው። ደደብ ያላትንም። እናቴ ከኋላ ነበረች፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ። ቤት ስንገባ ነጠላዋን ሳታወልቅ ወደ ጌሾዋ ሄደች።

ሰኞ፣ ጥር 26

ጾመ ነነዌ ገባ። የነፍስ አባታችን መምሬ ካሳ ሰበኩ፦ ያች ከተማ በሦስት ቀን ጾም ከክፋቷ ተመለሰች፣ እግዚአብሔርም ማራት። ስንወጣ ጠጋ ብዬ ከዚያስ በኋላ ነነዌ ምን ሆነች አልኳቸው። ትክ ብለው አዩኝ። ኋላ ጠፋች አሉ፤ ወደ ክፋቷ ተመልሳ። ይኼን ለምን አይሰብኩትም? አልጠየቅኳቸውም፣ ነውር ነው።

ሐሙስ፣ ጥር 29

ሌላ ነገር ጻፍኩና ቀደድኩት።

እውነቱ ይኼ ነው፦ እወደዋለሁ። ሲስቅ እወደዋለሁ። በአርብ ገበያ መንገድ በቅሎ በመጣ ቁጥር አንገቴ ይሰግጋል፣ የራሴ አንገት ያሳፍረኛል። ፊልሙን በትክክሉ ሳስታውሰው ደግሞ ሰውዬው የተለወጠው ፊልሙ እዚያ ላይ ስላበቃ ነው። ጧት ሲነጋ፣ ቁርስ ሲዘገይ፣ ያን ጊዜ ምን እንደሆነ ያሳየን የለም። ደረሰ አይለወጥም እያልኩ ስሰድበው ከረምኩ። ሁለት ጊዜ ተመልሼ የገባሁት እኔስ? እኔ ምኔ ተለወጠ?

እሑድ፣ የካቲት 9፣ ቅበላ

መጡ። አምስት ሽማግሌ ግቢው ውስጥ፣ መምሬ ካሳ መካከል መስቀላቸውን ይዘው። ደረሰ ከስቷል። ጺሙን አልተላጨም። ድንጋዩ ከበፊቶቹ ይበልጣል፣ እንዴት አድርጎ መረጠው? ማጅራቱ ተልጧል። አጥቤ ቅቤ ልቀባው ፈለግሁ፤ እንዲህ ነኝ እኔ። እናቴ ትንሰቀሰቃለች። ግራዝማች አበጀ ለሦስተኛ ጊዜ ዋስ ነኝ ብለው ተነሡ።

ይቅር ብዬዋለሁ፣ ድንጋዩን ያውርድ አልኩ። ተመስገን አሉ። ድንጋዩ ወረደ። ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ወደ ቤቱ ግን አልመለስም አልኩ።

መምሬ ካሳ፣ ልጄ፣ ሰው ንስሐ ገብቶ አይለወጥም ነው የምትዪው አሉኝ። አምናለሁ አባቴ፣ ይለወጥ ይሆናል፣ ግን መለወጡን በእኔ ገላ አይሞክረው አልኳቸው። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

ደረሰ ቀና አለ። ወደ እኔ አላየም፣ ወደ ሽማግሌዎቹ ነው ያየው።

«ታዲያ ይኼን ሁሉ ድንጋይ እንዲያው ለከንቱ ነው የተሸከምኩት?»

ግራዝማች አንገታቸውን ደፉ። መምሬ ካሳም መስቀላቸውን ዝቅ አደረጉ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት፣ እሱ እስኪናገር ድረስ ተስፋ ነበረኝ።

ሄዱ። ጠላው አልተነካም። እናቴ፣ ቤቴ ባሏን ለጣለች ሴት ማረፊያ አይደለም አለች፤ ከሱ ወይ ከሜዳው ምረጪ።

መረጥኩ። ወ/ሮ ይመኙሻልን ሄጄ ጠየቅኳቸው፣ በጓሮ በኩል ያለችውን ክፍል ያከራዩኛል። ሣጥኔን ነገ አወጣለሁ። እናቴ በዚህ ግድግዳ ማዶ እያለቀሰች ነው፣ ይሰማኛል። አልገባም። ከገባሁ እቀራለሁ።